ሐይቅ ዳር፣ ሣር ላይ ለማደር የትኛው ፓርክ ይሻላል? ሲብሊ፣ ግሌሺያል ሌክስ ወይስ ሼቴክ

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ፣ ድንኳን መኪና ላይ ስጭን አየችኝ። «ልጄ፣ ደህና ቤት እያላችሁ ሜዳ ላይ የምታድሩት ምን ሆናችሁ ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነበር። እሷ የምታውቀው ድንኳን የሠርግ ወይም የለቅሶ ነው። ለመዝናናት ብሎ ድንኳን የሚተክል ሰው አይታ አታውቅም። ይዣት ሄድኩ። ማታ ጋቢዋን ተከናንባ ሐይቁ ዳር ተቀመጠች። ፀሐይ ከሣሩ ጀርባ እስክትጠልቅ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ቀጥላ ያለችው «ነገም እዚሁ ነን አይደል?» ነው።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆቼ በጋ በመጣ ቁጥር «የት እንሂድ?» እያሉ ይደውሉልኛል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያለ አብዛኛው ሰው ካምፒንግ ሲባል ወደ ሰሜን፣ ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ ነው የሚያስበው። እሱ ውብ አገር ነው። ግን ሰው ይበዛዋል፤ ውሃውም በጁላይ እንኳን አጥንት ድረስ ይሰማል። እኔ የምመክረው ምዕራቡን ነው። ዛፉ እየሳሳ፣ ሣሩ እየረዘመ፣ ሰማዩ እየሰፋ የሚሄድበትን አገር። ፕሬሪ ይሉታል።

ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ ወቅት 18 ሚሊዮን ኤከር ገደማ የሣር ምድር ነበር። ዛሬ የቀረው ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። ሌላው ታርሶ በቆሎና አኩሪ አተር ሆኗል። ስለዚህ እነዚህ ፓርኮች ውስጥ የምታዩት ሣር ከእርሻ የተረፈ ነው። የመንዝን ጓሳ ያየ ሰው፣ ሣር ተጠብቆ ሲኖር ምን እንደሚመስል ያውቃል። እዚህ ቢግ ብሉስቴም የሚባለው ሣር በኦገስት መጨረሻ ከሰው ቁመት ያልፋል። ሥሩ ደግሞ ከላይ ከሚታየው በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ ነው እሳትም ድርቅም የማያጠፋው። የፓርኩ ሠራተኞች ራሳቸው በየጊዜው ሆን ብለው ያቃጥሉታል። በፀደይ የጠቆረ ሜዳ ብታዩ አትደንግጡ፤ ከሳምንታት በኋላ አረንጓዴ ይሆናል።

ወደ ምርጫው ልግባ። ሰው ብዙ ጊዜ «የቱ ያምራል?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ መልሼ «ከማን ጋር ነው የምትሄዱት?» እላለሁ። ከአረጋዊ እናት ጋር የሚሄድ ሰውና ከሦስት ጎረምሳ ጓደኞቹ ጋር የሚሄድ ሰው አንድ ፓርክ አይመቻቸውም። ሦስቱንም በዚህ ዓይን እንያቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ፦ ሲብሊ

ሲብሊ ስቴት ፓርክ ኒው ለንደን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ከሚኒያፖሊስ ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል። በ1919 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ አሮጌ ፓርክ ነው፤ እርጅናው ደግሞ ጠቅሞታል። በ1930ዎቹ የተሠሩ የድንጋይ ቤቶች አሉት። መንገዱ የተደላደለ ነው። ሻወር አለ፤ ሽንት ቤቱም ውሃ ያለው ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ካምፒንግ ሄዶ «ሁለተኛ አልሄድም» የሚለው በሽንት ቤት ምክንያት ነው። እናቶችም እንደዚያው።

ሐይቁ አንድሩ ይባላል። አሸዋማ የዋና ቦታ አለው፤ ለሽርሽር የሚሆኑ ጠረጴዛዎችም አጠገቡ አሉ። ካያክና ታንኳ ይከራያል። ለእግር ተጓዦች ደግሞ ማውንት ቶም የሚባል ኮረብታ አለ። ከፍታው 1,375 ጫማ ነው። የሰሜን ሸዋ ሰው ስሙን ሰምቶ ሲያየው «ይሄ ነው ተራራው?» ይል ይሆናል። ግን አገሩ ሁሉ ሜዳ ስለሆነ ጫፉ ላይ ስትወጡ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ርቀት ይገርማል። የአምስት ዓመት ልጅ እጁን ይዛችሁት ይወጣዋል።

ድክመቱን ልንገራችሁ። ሲብሊ ሣርና ጫካ የሚገናኙበት ቦታ ነው። የምታድሩት ከዛፍ ሥር ነው እንጂ ክፍት ሜዳ ላይ አይደለም። የፕሬሪውን ስፋት የናፈቀ ሰው እዚህ አይረካም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ይሞላል። ጎረቤታችሁ ሙዚቃ ከፍቶ፣ የሌላው ውሻ ሲጮህ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ይህም ሆኖ፣ ለጀማሪ ቤተሰብ ከሲብሊ ሌላ አልመክርም። አንድ ነገር ቢጎድልባችሁ ዊልማር ከተማ ቅርብ ናት፤ መድኃኒትም፣ ዳቦም፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስም ታገኛላችሁ።

ጸጥታ ለሚፈልግ፦ ግሌሺያል ሌክስ

ይህ የኔ ፓርክ ነው። አዳልቼ ከተናገርኩ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ግሌሺያል ሌክስ ከስታርበክ ከተማ በስተደቡብ ነው። ከሚኒያፖሊስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። ከአሥር ሺህ ዓመታት በፊት እዚህ ላይ የነበረው የበረዶ ግግር ሲቀልጥ፣ ተሸክሞት የመጣውን አሸዋና ድንጋይ እየጣለ ሄደ። የተከመረው ኮረብታ ሆነ። ተቀብሮ የቀረው በረዶ ሲቀልጥ ደግሞ ጉድጓድ ፈጠረ። ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ሐይቅ ሆነ። ስለዚህ መሬቱ እንደ ሌላው ፕሬሪ ዝርግ አይደለም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ኮረብታው ሁሉ ሣር ለብሷል። ነፋስ ሲነካው ልክ እንደ ጤፍ ማሳ ይተኛል፣ ይነሳል።

ፓርኩ ውስጥ ያለው ሐይቅ ትንሽ ነው፤ 56 ኤከር ብቻ። ግን ንጹሕ ነው። ከምንጭ ነው የሚመጣው፤ ዙሪያውንም የከበበው ሣር እንጂ እርሻ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ያሉ ሐይቆች በኦገስት አረንጓዴ የሚሆኑት ከእርሻ በሚታጠብ ማዳበሪያ ምክንያት ነው። ይህኛው ከዚያ ተርፏል። ታንኳ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስታዩ የውሃ ውስጥ ተክሎች ይታያችኋል። ትልቅ ጀልባና ፍጥነት የሚወድ ሰው ግን እዚህ አይምጣ፤ ሚኔዋስካ የሚባል ትልቅ ሐይቅ እዚያው ስታርበክ አጠገብ አለለት።

አንድ ነገር በደንብ አስቡበት። ነፋሱን። ሣር አገር ላይ ነፋስን የሚያቆም ነገር የለም። የመጀመሪያ ዓመት ርካሽ ድንኳን ይዤ ሄድኩ። ረጅም፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት ዓይነት ነበር። ካስማውን በአራቱ ማዕዘን ብቻ መትቼ፣ የጎን ገመዶቹን ሳልወጥር ተኛሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ፊታችን ላይ ተኛ፤ አንዱ ምሰሶ ተሰብሯል። ልጆቹን ተሸክሜ መኪና ውስጥ አስገባሁና እዚያው ነጋልን። አሁን ዝቅ ያለ ድንኳን ነው የምይዘው። ካስማው ረጅም ነው፤ ገመዶቹን ሁሉ እወጥራለሁ፤ በሩን ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ አዞራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ነው የሚነፍሰው።

ለማን ይሆናል? ለባልና ሚስት፣ ለጓደኛሞች፣ መራመድ ለሚወድ፣ ኮከብ ማየት ለሚፈልግ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል። ድንኳናቸውን በጀርባቸው ተሸክመው በእግር ለሚገቡ የተለዩ ቦታዎችም አሉ። ጉልበቷ ለሚያማት እናት ግን ቁልቁለቱ ከባድ ነው። እናቴን የወሰድኳት ሲብሊ ነበር።

ዓሣና ብስክሌት ለሚወድ፦ ሼቴክ

ሌክ ሼቴክ ስቴት ፓርክ ከሪ ከተባለች መንደር ጎን ነው። ከሚኒያፖሊስ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ደቡብ ዳኮታ ካለችው ከሱ ፎልስ ከተማ ለሚመጣ ግን ከሦስቱ የሚቀርበው ይህ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢበዛ ነው። ሐይቁ በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ትልቁ ሲሆን የዴ ሞይን ወንዝ መነሻም ነው። ስሙ በኦጂብዌ ቋንቋ ፔሊካን ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በእርግጥም ነጭ ፔሊካኖች ውሃው ላይ ተንሳፈው ታያላችሁ። ዝርያቸው ከኛዎቹ ቢለይም ዝዋይን ወይም ሻላን የሚያውቅ ሰው ልቡ ይነካል።

ዓሣ ማጥመድ ለሚወድ ሰው አንድ ጥሩ ዜና አለ። የሚኒሶታ ነዋሪ የሆነ ሰው በስቴት ፓርክ ውስጥ ከዳር ቆሞ ሲያጠምድ በአብዛኛው የማጥመጃ ፈቃድ መግዛት አያስፈልገውም። ይህን ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም። ከደቡብ ዳኮታ ለሚመጣ ግን አይሠራም። ምን ያህል ዓሣ መያዝ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ሕግ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው።

ልጆች ብስክሌት የሚነዱ ከሆነ ከፓርኩ ወደ ከሪ የሚወስድ አስፋልት መንገድ አለ፤ ዞሮ ይመለሳል። ከሪ ውስጥ የድሮ ባቡር ሙዚየም አለ። ባቡሩን የሚያዞረው ክብ መድረክ ዛሬም አለ። የኔ ልጆች ከሐይቁ ይልቅ እሱን ነው የሚያስታውሱት።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ፤ የሚያሳዝን። ፓርኩ ውስጥ አንድ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ኦገስት 20 ቀን 1862 እዚህ የሰፈሩ ነጭ ገበሬዎች፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ በሆኑት በዳኮታ ተዋጊዎች ተገድለዋል። ዳኮታዎች መሬታቸውን በውል አስረክበው፣ የተገባላቸው ክፍያ ዘግይቶ፣ እየተራቡ ነበር። በዚህ ሰበብ የተነሳው ጦርነት ሲያበቃ ማንኬቶ ከተማ ላይ 38 ዳኮታዎች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። በዳኮታዎች ላይ የዘመተውን ጦር የመራው ሰው ሲብሊ ነበር። አዎ፣ ያኛው ፓርክ የተሰየመለት የሚኒሶታ የመጀመሪያ ገዥ። ልጆች ሐውልቱን አይተው ይጠይቃሉ። የሁለቱንም ወገን ታሪክ አውቃችሁ ሂዱ።

የሼቴክ ድክመት ውሃው ነው። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፤ ዙሪያውም እርሻ ነው። ከጁላይ አጋማሽ በኋላ አረንጓዴ አልጌ ሊያለብሰው ይችላል። ውሃው የተደፋ ቀለም ወይም የአተር ሾርባ ከመሰለ ልጆችን አታስገቡ፤ ውሻም እንዳይጠጣ። ለዋና የምትሄዱ ከሆነ በጁን ሂዱ።

ብሉ ማውንድስ የሚባለውን ፓርክ የሚጠይቁኝም አሉ። እዚያ ባይሰን የሚባለው የአሜሪካ ጎሽ አለ፤ ቀይ የድንጋይ ገደል አለ፤ በአሜሪካ ሰሜን ቁልቋል ይበቅላል ቢባል የማያምን ሄዶ ይይ። ሐይቅ ግን የለም። ቀድሞ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነበረው፤ በጁን 2014 ጎርፍ ግድቡን ጣሰው፣ ሐይቁም ፈሰሰ። ልጆቹ ባይሰን ማየት ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት ደግሞ ያን ያህል መንዳት አያስፈልግም። ማንኬቶ አጠገብ ያለው ሚኔዮፓ ፓርክ ከ2015 ጀምሮ መንጋ አለው፤ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ታዩታላችሁ።

ድንኳን፣ ካቢን ወይስ ደርሶ መልስ?

አረጋዊ ወይም ጨቅላ ሕፃን ካለ ካቢን ተከራዩ። ካምፐር ካቢን የሚሉት አንድ ክፍል የእንጨት ቤት ነው። ተደራራቢ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ትንኝ የማያስገባ በረንዳ አለው። አብዛኞቹ መብራትና ማሞቂያ አላቸው። ውስጡ ግን ሽንት ቤትም ወጥ ቤትም የለም። አንሶላና ብርድ ልብስ ከቤት ይመጣል፤ ምግብ የሚሠራው ውጭ ነው። ከድንኳን ቦታ ሁለት ሦስት እጥፍ ያስከፍላል። ለእናቴ ስል ከፍዬ አልቆጨኝም።

ድንኳን ለሌላው ሁሉ ይሆናል። ግን ልብ በሉ፦ አንድ የድንኳን ቦታ ለአንድ ቤተሰብ ወይም እስከ ስድስት ሰው ነው። እኛ ደግሞ ስንሄድ አክስትም አጎትም ጎረቤትም ይጨመራል። አሥራ አምስት ሰው ሆናችሁ አንድ ቦታ ላይ ብትሰፍሩ ጠባቂው መጥቶ ያስነሳችኋል። ለቤተ ክርስቲያን ወጣቶች፣ ለማኅበር ወይም ለሰፊ ቤተ ዘመድ የቡድን ካምፕ የሚባል የተለየ ቦታ አለ። ለሰው ሲከፋፈል ደግሞ ርካሽ ነው።

ካምፒንግ ጭራሽ ሞክራችሁ የማታውቁ ከሆነ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለጀማሪ ቤተሰቦች ድንኳኑንም ማብሰያውንም አዘጋጅቶ፣ አስተማሪ መድቦ የሚያሳድርበት ፕሮግራም አለው። በዚያ ጀምሩ።

መቼ?

ሜይና ጁን መዥገር ይበዛል። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ማታ ልጆችን ከራስ ፀጉር እስከ ጣት መካከል ፈትሹ። ጁላይ ሙቀትና ትንኝ ነው፤ ጀንበር ስትጠልቅ ለአንድ ሰዓት ያህል መከራ ነው። የነጎድጓድ ዝናብና አውሎ ነፋስ የሚበዛውም በዚህ ወቅት ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ድንኳን መጠለያ አይሆንም። ገና ስትደርሱ ጠንካራው ሕንፃ የት እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሻወሩ ቤት ነው።

የኔ ምርጫ ሴፕቴምበር ነው። ትንኝ ያልቃል፣ ሰው ይሳሳል፣ ሣሩ ወደ መዳብ ቀለም ይለወጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንቁጣጣሽ ነው። በሐይቆቹ ዳር፣ ርጥበት ያለበት ቦታ፣ ቢደንስ የሚባል ቢጫ አበባ በዚሁ ወር ይፈካል። የኛ አደይ አበባም ከዚሁ ከቢደንስ ወገን ነው። የሥጋ ዘመዱ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ያየሁት ግሌሺያል ሌክስ ውስጥ፣ መስከረም 1 በዋለበት ሳምንት ነበር። ቆሜ ቀረሁ። ፓርክ ውስጥ አበባ መቅጠፍ ክልክል ስለሆነ ልጆቹ በእርሳስ ሥለውት ለአያታቸው ላኩላት። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ጋቢ አትርሱ።

ምን ይዘን እንሂድ?

ስለ ምግብ ብዙ አትጨነቁ። የኛ አባቶች ሩቅ አገር ሲሄዱ የሚይዙት ስንቅ ለካምፒንግ የተሠራ ነው የሚመስለው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፤ አንዱም በረዶ አይፈልግም። በፍልሰታ የምትሄዱ ከሆነ ሽሮና ድርቆሽ ይበቃል። እንጀራ በኩለር ውስጥ አታስቀምጡ፤ ውሃ ይገባበትና ይበላሻል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩት።

ቡናውን በትንሽ ቡታጋዝ አፍሉት። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ በብረት ቀለበት በተከለለው የእሳት ቦታ ውስጥ ብቻ ይሁን። ደረቅ ሣር ከአንዲት ብልጭታ ይነሳል፤ ነፋሱ ደግሞ አይምርም። ማገዶ ከቤት አትጫኑ። ዛፍ የሚጨርስ ነፍሳት በማገዶ ውስጥ ተደብቆ ስለሚጓዝ ፓርኩ የሚቀበለው የተፈቀደ እንጨት ብቻ ነው፤ እዚያው ግዙ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው። ጨዋታችን ሲደምቅ ድምፃችን እንደሚያይል የታወቀ ነውና ቡናውን ቀደም አድርጉት።

ስለ ውሃ ደግሞ ከልቤ የምለው አለ። በሚኒሶታ ስቴት ፓርኮች የዋና ቦታ ላይ ነፍስ አድን ጠባቂ የለም። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፤ ልጆቻችንም እንደዚያው። ልጅ ውሃ ውስጥ እያለ አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን አስቀምጦ ዓይኑን ሳይነቅል ይይ፤ ተራ ገብታችሁ ጠብቁ። ጀልባ ላይ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይፍ ጃኬት መልበሱ ሕግ ነው። እናንተም ልበሱ።

የመኪና መግቢያ በቀን ወይም በዓመት ይከፈላል። ከማደሪያው ክፍያ ይለያል። በዓመት ከአምስት ቀን በላይ የምትሄዱ ከሆነ የዓመቱን ግዙ። አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የፓርክ መግቢያ እንደ መጽሐፍ ያውሳሉ፤ የሰፈራችሁን ጠይቁ።

ቦታ መያዝ የሚቻለው ከ120 ቀን በፊት ጀምሮ ነው። ካቢን በተለይ በተከፈተ ሰዓት ያልቃል። ለእንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ካቢን የሚፈልግ ሰው ሜይ 14 ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥ። ቦታ ከጠፋም ተስፋ አትቁረጡ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ዋዜማ የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም። እኔ ሁለት ጊዜ ሐሙስ ማታ አግኝቻለሁ።